ሌይኮክ፦ ስለ አንዲት የእንግሊዝ የወንዝ ዳር መንደር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከኢትዮጵያ ዘመድ በመጣ ቁጥር ለንደንን አሳይቼ ስጨርስ ይዤ የምሄደው ሌይኮክ ነው። ትንሽ መንደር ናት። መንገዶቿን ሁሉ ዞሮ ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። እንግዶቼ ግን ጥያቄ አያልቅባቸውም። መኪና ውስጥ ይጠይቃሉ፣ ቤት ገብተን እራት ስንበላም ይጠይቃሉ። በዓመቱ ሌላ እንግዳ ይመጣል፣ ያው ጥያቄ ይመለሳል። ስለዚህ መልሶቹን አንድ ቦታ ላስቀምጣቸው አልኩ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሌይኮክ የት ነው ያለችው?

በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ዊልትሺር በሚባለው አውራጃ ነው። ከለንደን ፓዲንግተን ጣቢያ ባቡር ይዛችሁ ቺፕንሃም ላይ ትወርዳላችሁ። ጉዞው ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ከቺፕንሃም ሌይኮክ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አውቶቡስም ታክሲም አለ። ባዝ ለምትኖሩ ደግሞ ጎረቤት ናት፣ ሃያ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው።

ወንዙ የሼክስፒር ኤቨን ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ እኔም መጀመሪያ ተሳስቻለሁ። «ኤቨን» በድሮ ብሪታኒያውያን ቋንቋ ራሱ «ወንዝ» ማለት ነው። እንግሊዝ አገር ብዙ ኤቨን ያለው ለዚህ ነው። ሼክስፒር የተወለደበት ከተማ ላይ የሚያልፈው ሌላ ነው። የሌይኮኩ ከግሎስተርሺር ተነስቶ ቺፕንሃምን፣ ሌይኮክን፣ ባዝንና ብሪስቶልን አዳርሶ ወደ ባሕር ይወርዳል።

ወንዙ መንደሯን መሐል ለመሐል አይቆርጣትም። በምሥራቅ በኩል፣ ከገዳሙ ጀርባ ባለው መስክ ጥግ ጥጉን ነው የሚሄደው። በፈረንጆቹ ክረምት ዝናቡ ሲበረታ ሞልቶ መስኩ ላይ ይተኛል። መንደሯን ጠጋ ብሎ የሚያልፈው ባይድ የሚባል ትንሽ ጅረት ነው። መንገዱን አቋርጦ ስለሚፈስ መኪና ውሃውን ረግጦ ያልፋል። ለእግረኛ ከጎኑ ጠባብ የድንጋይ ድልድይ አለ፤ ድሮ የጭነት ፈረሶች ይሻገሩበት የነበረ ነው። ሕፃናት ይዛችሁ ከሄዳችሁ ከዚያ ቦታ ማላቀቅ ይከብዳችኋል።

የመንደሯ ስምም ከውሃው የመጣ ነው። በድሮው እንግሊዝኛ «ትንሽ ጅረት» ማለት ነው። ንጉሥ ዊልያም በ1086 አገሩን በሙሉ ባስቆጠረበት መዝገብ ውስጥ ስሟ ሰፍሯል፤ በዚያን ጊዜ ሁለት የውሃ ወፍጮ ነበራት።

ቤቶቹ እውነት ያረጁ ናቸው ወይስ ለቱሪስት የተሠሩ?

እውነተኛ ናቸው። አብዛኞቹ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወይም ከዚያ በፊት የተሠሩ ናቸው። ከ600 ዓመት በላይ የቆዩም አሉ። መንገዶቹ አራት ናቸው ብትሉ ይቀላል፤ ተጋጥመው አራት ማዕዘን ይሠራሉ። ዋናው መንገድ ሰፊ የሆነው ገበያ ይቆምበት ስለነበር ነው። ሌይኮክ በመካከለኛው ዘመን በሱፍ ንግድ የከበረች የገበያ ቦታ ነበረች።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ የቤቶቹ አሠራር ነው። ግማሹ ድንጋይ ነው። ግማሹ ግን ወፍራም እንጨት ቆሞለት፣ በመሐሉ ቀጫጭን እንጨት ተጠላልፎ በጭቃ የተመረገ ነው። ላዩን ኖራ ይቀባል። ይህን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም። አንድ ጊዜ አጎቴን ይዤ ሄጄ ግድግዳውን በእጁ ዳበስ ዳበስ አደረገና «ይሄማ የኛው ጭቃ ቤት አይደል እንዴ! ዋልታና ማገሩ ያው ነው» አለኝ። ልክ ነው። ልዩነቱ እነዚህ በየጊዜው እየተጠገኑ ስድስት መቶ ዓመት መቆየታቸው ነው። እንጨቱ ሲበሰብስ የበሰበሰችውን ቁራጭ ብቻ አውጥተው በአዲስ ይተካሉ እንጂ ቤቱን አያፈርሱም።

ቤት ቤቱን ስትዞሩ ሦስት ነገር ፈልጉ። አንደኛው በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የአሥራት ጎተራ ነው። ገበሬው ለገዳሙ የሚያገባው እህልና ሱፍ እዚያ ይከማች ነበር። ገብታችሁ ወደ ጣሪያው ቀና በሉ፣ የእንጨቱ ሥራ ልብ ይሰርቃል። ሁለተኛው ከጎተራው አጠገብ ያለችው ድንጋይ ጎጆ ናት። መስኮት የላትም። ሰክሮ የረበሸ ሰው የሚያድርባት እስር ቤት ነበረች። ሦስተኛው ዘ ጆርጅ የሚባለው መጠጥ ቤት ነው፤ ታሪኩ እስከ 1361 ወደኋላ ይሄዳል። እዚያ ምድጃው አጠገብ አንድ ትልቅ የእንጨት ጎማ አለ። ድሮ ውሻ ውስጡ ገብቶ ሲሮጥ ጎማው ይዞራል፣ ጎማው ሲዞር እሳቱ ላይ የተሰካው ሥጋ አብሮ ይገላበጣል። ለዚህ ሥራ ብለው የሚያረቡት አጭር እግር ያለው የውሻ ዘር እንኳን ነበራቸው።

ገዳሙን ማን መሠረተው?

ኤላ የምትባል ሴት ናት። የሶልስበሪ ባላባት ልጅና ወራሽ ነበረች። ባሏ ዊልያም፣ በቅጽል ስሙ «ረጅሙ ሰይፍ»፣ ንጉሥ ሄንሪ ሁለተኛ ከጋብቻ ውጭ የወለደው ልጅ ነው። በ1226 ሞተ። ሀብታም መበለት ስለነበረች ጠያቂ አልጠፋም፣ እሷ ግን እንደገና ማግባት እምቢ አለች። በ1232 ሚያዝያ ወር ውስጥ በአንድ ቀን የሁለት ገዳም መሠረት ጣለች። ጠዋት ሌይኮክ ላይ የሴቶቹን፣ ከሰዓት ሂንተን ላይ የወንዶቹን። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ በፈረስ ቀላል አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ራሷ ሌይኮክ ገብታ መነኮሰች፣ ቀጥላም እመ ምኔት ሆነች። በ1261 አርፋ እዚያው ተቀበረች።

እኔ ስለ እንግሊዝ ታሪክ ካነበብኳቸው ሰዎች ሁሉ እሷን የሚያህል የለብኝም። ባሏ ከሞተ በኋላ የዊልትሺር አውራጃን በሸሪፍነት ያስተዳደረችው እሷ ናት። በዚያ ዘመን ይህን ሥልጣን የያዙ ሴቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ማግና ካርታ እዚህ ነበረ የሚባለው እውነት ነው?

ማግና ካርታ የእንግሊዝን ንጉሥ ሥልጣን በሕግ የገደበው የጥንት ሰነድ ነው። እዚህ መኖሩ እውነት ነው፣ ግን የ1215ቱ የንጉሥ ጆን አይደለም። ልጁ ሄንሪ ሦስተኛ በ1225 እንደገና ያወጣው ነው። ቅጂው ለየአውራጃው ሲላክ የዊልትሺሩ ሌይኮክ ገዳም ገብቶ ተቀመጠ። ሰባት መቶ ዓመት ያህል ከዚያ አልወጣም። በ1946 ለብሪቲሽ ሙዚየም ተሰጠ፤ ዛሬ ያለው በብሪቲሽ ላይብረሪ ነው።

ገዳም ከሆነ ለምን መኖሪያ ቤት ይመስላል?

ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ከሮም ተጣልቶ የአገሩን ገዳማት በሙሉ ሲዘጋ የሌይኮክ ተራ የደረሰው በ1539 መጀመሪያ ላይ ነው። መነኮሳቱ ወጡ። በዓመቱ ዊልያም ሻሪንግተን የሚባል የቤተ መንግሥት ሰው በ783 ፓውንድ ገዛው። ቤተ ክርስቲያኑን አፈረሰው። መነኮሳቱ ይመላለሱበት የነበረውን፣ ግቢውን ዙሪያ የሚከብ ጣሪያ ያለው የድንጋይ መተላለፊያ ግን አልነካም። ከሱ በላይ መኖሪያውን ሠራ። ስለዚህ ታች ገዳም፣ ላይ የጌታ ቤት ነው። ከታች ወደ ላይ ስትወጡ በአንድ ደረጃ ብዙ መቶ ዓመት ታልፋላችሁ።

ርስቱ ወደ ታልቦት ቤተሰብ ያለፈው በጋብቻ ነው። ስለዚህ ጋብቻ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ኦሊቭ ሻሪንግተን ጆን ታልቦትን ወደደች፣ አባቷ ከለከላት። አንድ ማታ እሱ ታች ቆሞ እሷ ከግድግዳው ጫፍ ላይ ሆና ሲያወሩ «እዘላለሁ» አለችው። ታደርገዋለች ብሎ መች አሰበ! ዘለለች። ነፋሱ ቀሚሷን ነፍቶ አዘገያት፣ እሱም ተቀበላት፤ ግን ራሱን ስቶ ወደቀ። የሞተ መስሏት ስትጮህ ቤተሰቡ ወጣ። አባትየው «እንዲህ ከዘለለችማ ታግባው» አለ ይባላል።

ይህን ታሪክ ስነግራት አክስቴ ሳቋ ሊገድላት ነበር። ቀጥሎ የገባንበት ክፍል ግን ዝም አሰኛት። መነኮሳቱ እሳት ይሞቁበት የነበረ ክፍል ነው፤ ውስጡ አንድ ግዙፍ የነሐስ ድስት ተቀምጧል። በ1500 በዛሬዋ ቤልጅየም፣ ሜኸለን ከተማ የተሠራ ነው። አክስቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ቂርቆስና ኢየሉጣን የቀቀሉበት ይመስላል» አለችኝ። ድስቱ ከቂርቆስ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ግን እሷ ሳታውቅ የተናገረችው ነገር ከመንደሯ ታሪክ ጋር ገጠመ፤ ወረድ ብሎ አለላችሁ።

ፎቶግራፍ የተጀመረው እዚህ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ይህ ጥያቄ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዛሬ በእጅ ካሉት ፎቶዎች የመጀመሪያውን ያነሳው ፈረንሳዊው ኒየፕስ ነው፣ በ1820ዎቹ። ሌይኮክ ላይ የተገኘው ሌላ ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን ለእኛ የበለጠ የቀረበ ነው። ኔጋቲቭ ነው።

ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት የሌይኮክ ባለ ርስት ነበር። የሒሳብ ሰው ነው፣ የፓርላማ አባልም ሆኖ ያውቃል። በኋላ ዘመኑ ደግሞ የጥንት አሦራውያንን ጽሑፍ ከፈቱት ምሁራን አንዱ ሆኗል። ስዕል ግን አይሆንለትም። በ1833 ጣልያን አገር ኮሞ ሐይቅ ዳር ከሚስቱ ጋር ሲዝናና የሐይቁን መልክ ለመሳል ታገለ፤ መስታወት ያለው የመሳያ መሣሪያ ይዞ እንኳን አቃተው። ያኔ አንድ ሐሳብ መጣለት። ብርሃኑ ራሱ ወረቀቱ ላይ ቢስልስ?

አገሩ ተመልሶ ሙከራ ጀመረ። ተራ የጽሕፈት ወረቀት በጨው ውሃ ይነክራል። ሲደርቅ ሲልቨር ናይትሬት ይቀባዋል። ሁለቱ ሲገናኙ ወረቀቱ ብርሃን ሲነካው የሚጠቁር ይሆናል። ይህን ወረቀት መነጽር በተገጠመላት ትንሽ የእንጨት ሳጥን ውስጥ አድርጎ ፀሐይ ላይ ያስቀምጣል። ከአንድ ሰዓት በላይ ይቆያል። ሳጥኖቹ በየቦታው ተበትነው ስለሚገኙ ሚስቱ ኮንስታንስ «የአይጥ ወጥመዶች» ትላቸው ነበር።

በ1835 ነሐሴ ላይ አንዷን ሳጥን ከቤቱ ደቡብ በኩል ባለው መስኮት ፊት አቆማት። የወጣው ምስል ከፖስታ ቴምብር ብዙም አይበልጥም። መስኮቱ ብሩህ ስለነበር ወረቀቱ ላይ ጥቁር ሆነ፣ ጥቁሩ የመስኮት ፍሬም ደግሞ ነጭ። ተገልብጧል። ታልቦት ከጎኑ ጽፎ እንዳስቀመጠው፣ ምስሉ አዲስ በነበረበት ጊዜ ሁለት መቶ ያህሉን የመስኮት መስታወት በአጉሊ መነጽር መቁጠር ይቻል ነበር። በዓለም ላይ ከተረፉት ኔጋቲቮች ሁሉ የመጀመሪያው ያ ነው።

ከዚያ ታልቦት ሥራውን አቆይቶ ወደ ሌላ ምርምሩ ዞረ። በ1839 ጥር ፓሪስ ላይ ዳጌር የሚባል ፈረንሳዊ የፎቶ ፈጠራ ሲታወጅ ደነገጠና የራሱን ወረቀቶች አውጥቶ በዚያው ወር ለንደን ላይ አሳየ። የዳጌር ምስል በብር በተለበጠ መዳብ ላይ የሚወጣ በጣም የጠራ ነው፣ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ሊባዛ አይችልም። የታልቦት ደብዛዛ ነው፣ ግን ከአንድ ኔጋቲቭ የፈለጉትን ያህል ማተም ይቻላል። በ1840 ደግሞ ብርሃኑ ለአጭር ጊዜ ብቻ ነክቶት በዓይን የማይታየውን ምስል በኬሚካል አጥቦ ማውጣት እንደሚቻል ደረሰበት። ሰዓቱ ወደ ደቂቃ ወረደ። ዲጂታል እስኪመጣ ድረስ ዓለም ፎቶ ያነሳው በዚህ በታልቦት መንገድ ነው።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ጉርድ ፎቶ ተነስተን ስንቀበል ፎቶ ቤቱ ኔጋቲቩን በትንሽ ፖስታ አብሮ ይሰጠን ነበር። ለትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ለመታወቂያ፣ ለቪዛ እንደገና ስናሳትም ያቺን ፖስታ ፍለጋ መሳቢያ እንገለብጣለን። እናቴ እስከ ዛሬ የሟች አባቴን ኔጋቲቭ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አስቀምጣለች። እኔ ያንን መስኮት ሳይ የማስበው እሱን ነው።

ታልቦት በ1877 ሞተ። የተቀበረው መንደሯ መቃብር ውስጥ ነው። ከገዳሙ መግቢያ አጠገብ በስሙ የተሰየመ የፎቶግራፍ ሙዚየም አለ። ዋናው ኔጋቲቭ ግን እዚያ አይደለም፤ በብሔራዊው የሳይንስ ሙዚየሞች ስብስብ ውስጥ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ በማን ስም ነው?

በቅዱስ ቂርቆስ። አዎ፣ በእኛው ቂርቆስ። እነሱ ሲሪያክ ይሉታል፣ ስለዚህ በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቦ ማወቅ ያስቸግራል። እኔ ሦስት ጊዜ ሄጄ ነው የገባኝ። ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር በሰማዕትነት ያለፈው ሕፃን ነው። እኛ ጥር 15 እናስበዋለን፤ ሐምሌ 19 ደግሞ ቅዱስ ገብርኤል ከፈላው ውሃ ያወጣቸውን እናከብራለን። ጣና ላይ በስሙ ደሴት አለው፣ አዲስ አበባ ላይ ክፍለ ከተማ። እንግሊዝ አገር ግን በስሙ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ጥቂት ነው። አክስቴ ይህን ስነግራት ወደ ኋላ ተመልሳ ደጁን ተሳለመች።

ሰው ይኖርባታል?

ይኖርባታል፤ ትምህርት ቤት እንኳን አላት። ማታ ቱሪስቱ ሲሄድ በየመስኮቱ መብራት ይበራል።

እንዲህ ሳትነካ የቆየችው ዋናው ምክንያት ቤቶቹ ከሞላ ጎደል በአንድ ባለቤት እጅ ስለነበሩ ነው። መጀመሪያ ገዳሙ፣ ቀጥሎ የታልቦት ቤተሰብ። ማንም ተነስቶ የራሱን አፍርሶ ፎቅ አላቆመም። በ1944፣ ጦርነቱ ሳያልቅ፣ የፎክስ ታልቦት የልጅ ልጅ ማቲልዳ ታልቦት ገዳሙንና መንደሯን ናሽናል ትረስት ለሚባለው የቅርስ ጠባቂ ድርጅት ሰጠች። ወራሽ ልጅ አልነበራትም። ሸንሽና ብትሸጠው ገንዘብ ታገኝበት ነበር፣ መንደሯ ግን ትበተናለች።

ዛሬ ነዋሪው በአብዛኛው የድርጅቱ ተከራይ ነው። ይህ ቀላል ኑሮ አይደለም። እንደ ልብ መስኮት መቀየር፣ ግድግዳ ማፍረስ የለም። የቴሌቪዥን አንቴናና የኤሌክትሪክ ሽቦ ከመንገድ እንዳይታይ ተደርጓል። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ደጃፍህ ላይ እንግዳ ሰው ቆሞ ፎቶ ይነሳል። ስለዚህ አደራ፣ በመስኮት ወደ ውስጥ አትመልከቱ። የሰው ቤት ነው።

ቦታውን ፊልም ላይ ያየሁት ይመስለኛል?

አይታችሁት ይሆናል። የገዳሙ የድንጋይ መተላለፊያ በሃሪ ፖተር ፊልሞች ውስጥ የጠንቋዮቹ ትምህርት ቤት ሆኖ ተቀርጿል። የድሮ ዘመን ድራማ ለሚሠሩም መንገዱ ተመራጭ ነው፤ ሽቦ ስለሌለ አፈር ቢያለብሱት ይበቃቸዋል።

ጃንሆይ በስደት የኖሩት እዚህ አካባቢ ነው?

ቅርብ ነው። በጣልያን ወረራ ጊዜ ከ1936 እስከ 1940 የኖሩት ባዝ ከተማ፣ ፌርፊልድ ሃውስ በሚባለው ቤት ነው። ቤቱን በኋላ ለከተማዋ አረጋውያን መገልገያ እንዲሆን ሰጥተውታል። እኔ ሁለቱን በአንድ ቀን አደርጋለሁ፤ ጠዋት ሌይኮክ፣ ከሰዓት ባዝ። ፌርፊልድ ሃውስን ለማየት ግን ክፍት የሚሆንበትን ቀን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

መቼ ብሄድ ይሻላል? ስንት ያስከፍላል?

መንደሯን መዞር ነፃ ነው። ገዳሙና ሙዚየሙ ይከፈልባቸዋል፤ ዋጋውንና ሰዓቱን ከመሄዳችሁ በፊት ድረ ገጹ ላይ እዩት፣ በየወቅቱ ይቀያየራል። መኪና መንደሯ ውስጥ አታስገቡ፣ ዳር ላይ ማቆሚያ አለ። የሥራ ቀን ጠዋት ብትደርሱ መንገዱን ለብቻችሁ ታገኙታላችሁ። ጭቃ የሚችል ጫማ አድርጉ፣ በተለይ ወደ ወንዙ መውረድ ካሰባችሁ።

ገዳሙ ውስጥ ስትገቡ ደቡብ በኩል ያለውን ረጅም ክፍል ጠይቁ። መስኮቱ ዛሬም እዚያው ነው። ትንሽ ነው፣ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፈዋል። ስልካችሁን አውጥታችሁ አንድ አንሱት፣ ከዚያ መስታወቶቹን ቁጠሩ።